ለጠባብ ቤት ቀላል ቫኪዩም ስለ መምረጥ፤ ጥያቄና መልስ

የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዕቃዎችን በመጠገን ረጅም ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ የኮንዶሚኒየም ግቢያችን ነዋሪዎች አሮጌና ከባድ ቫኪዩማቸውን በቀላል ስለ መተካት የጻፏቸውን ጥያቄዎች እንድመልስ ማኅበራችን ጠይቆኛል። ከውጭ አገር ዘመዶቻችን የመጡትንም ጨምሬ፣ የሚመሳሰሉትን በአንድ አጠቃልዬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤቴ ባለ አንድ መኝታ፣ 45 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ የምኖረውም አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያለኝ ቁመታም ቫኪዩም 8 ኪሎ ስለሚመዝን ወገቤን እያመመኝ ተቸግሬአለሁ። ከ3 ኪሎ በታች የሆነ ብገዛ እገላገላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከኪሎው ይልቅ ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ መመልከት ይሻላል። እርስዎ በያዙት ዓይነት ሞተሩ፣ ከረጢቱና ብሩሹ በአንድ አካል ላይ ስለተሰበሰቡ፣ ወደፊትና ወደኋላ ባንቀሳቀሱት ቁጥር ያንን ሁሉ ክብደት የሚገፋው የእርስዎ ወገብ ነው። ተጎታች የምንለው ግን ሚዛን ላይ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ቢደርስም፣ ሞተሩ በመንኮራኩር ላይ ሆኖ ከኋላ ስለሚከተል እጅዎ የሚይዘው ቱቦውንና የመጥረጊያውን ራስ ብቻ ነው። በባትሪ የሚሠራው ባለ ዘንግ ቫኪዩም ደግሞ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ላይ ሞተሩም፣ ባትሪውም፣ አቧራው የሚጠራቀምበት ዕቃም እጀታው አጠገብ ስለሚገኙ ሸክሙ የሚያርፈው በእጅ አንጓ ላይ ነው። ወለል ሲጠርጉበት ይህ ብዙ አይታወቅም፤ መጋረጃ ወይም የቁም ሣጥን አናት ለማጽዳት ወደላይ ሲያነሡት ግን ክንድ ቶሎ ይዝላል።

ሕመሙ የወገብ ስለሆነ ለእርስዎ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው የመጥረጊያው ራስ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሳለ እጀታው ዳሌዎ አካባቢ ከደረሰ፣ ሳይጎነበሱ ይሠራሉ። አራተኛ ፎቅ መሆኑ ግን ምርጫዎን ሊለውጠው አይገባም፤ ደረጃውን ተሸክመውት የሚወጡት በገዙት ዕለት ብቻ ነውና። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ትንሽ ተጎታች እገዛ ነበር፤ ማስቀመጫ ቦታ ከሌለዎት ብቻ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ ዘንግ ይያዙ።

ጥያቄ፦ የእኔ ቫኪዩም ይጮሃል እንጂ አይስብም። ሞተሩ ደክሟል ብዬ ሌላ ለመግዛት አስቤአለሁ።

መልስ፦ ገና አይግዙ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጮኸ የማይስብ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የተዘጋ ነገር አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉትና ከረጢቱን ወይም የአቧራ ዕቃውን ባዶ ያድርጉት፤ ቀጥሎ ማጣሪያውን አውጥተው ይመልከቱ። ከዚያም ቱቦውን ከአካሉ ነቅለው ማሽኑን ያስነሡና መዳፍዎን በመግቢያው ቀዳዳ ላይ ያሳርፉ፤ አጥብቆ ከሳበ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ያለው በቱቦው ወይም በመጥረጊያው ራስ ውስጥ ነው። ለመጣል ተወስኖባቸው ከመጡልኝ ቫኪዩሞች መካከል አንዱን የገደለው የሕፃን ካልሲ ነበር። በአንጻሩ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ወይም በሞተሩ ውስጥ የእሳት ብልጭታ የሚታይ ከሆነ፣ ካርቦኑ፣ ማለትም ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ትንሽ ቁራጭ፣ አልቆ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ያሳዩ። ካርቦን መቀየር አዲስ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ አንዱ ነጋዴ «2000 ዋት ነው» ይለኛል፣ ሌላው «20,000 ፓስካል ይስባል» ይለኛል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ቤትዎ እንዴት እንደሚጸዳ አይነግሩዎትም። ዋት ማሽኑ ከመስመር የሚወስደውን ኃይል እንጂ የሚያነሣውን አቧራ አይለካም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት ውሳኔ ነው፤ ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ የሚሸጡ የቤት ቫኪዩሞች ከ1600 ዋት እንዳይበልጡ፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በታች እንዲሆኑ ሲደነግግ ብዙዎች ሥጋት ቢያድርባቸውም፣ አምራቾች የመጥረጊያውን ራስና የአየሩን መተላለፊያ በማሻሻል ባነሰ ኃይል በሚገባ የሚያጸዱ ማሽኖችን አቅርበዋል። የመሳብ ግፊት መለኪያ የሆነውን ፓስካልን በተመለከተ፣ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር የሚለካው ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ አየር በማይተላለፍበት ጊዜ ነው፤ አቧራን የሚያነሣው ግን የመሳቡ ግፊትና የሚተላለፈው አየር መጠን አንድ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያጣምረው መለኪያ ኤር ዋት ይባላል፤ እርሱ ከተጻፈ ለማወዳደር የሚሻለው እርሱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የቫኪዩም ማራገቢያ፣ ማለትም አየሩን የሚገፋው ፋን፣ የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ ክብደት ጋር ስለሚያያዝ፣ በዱባይ ስጋጃን አጥብቆ የሚይዝ ማሽን እዚህ ሲደርስ በመጠኑ ይለግማል። ዘመድ «የእኔ እንዲህ ይስባል» ብሎ የሚመክረውን ስንሰማ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ሌላው፣ 1600 ዋት የሚወስድ ማሽን በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ7 አምፔር በላይ ስለሚጎትት፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ፣ ይልቁንም ተጠቅልሎ እያለ፣ አይጠቀሙበት፤ ገመዱ ይግላል።

ጥያቄ፦ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪ ያለው አይሻልም?

መልስ፦ ይሻላል፣ ባትሪው የሚነቀልና መለዋወጫው የሚገኝ ከሆነ። ሻጩ «40 ደቂቃ ይሠራል» የሚለው በዝቅተኛው ኃይል ሲሆን ነው፤ ለስጋጃ ከፍተኛውን ሲጫኑ አብዛኞቹ ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፉም። ደግነቱ፣ 45 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በመካከለኛው ኃይል በ20 ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቃል። የሊቲየም ባትሪ ከጥቂት መቶ ሙሌት በኋላ አቅሙ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ የታሸገ ከሆነ ያን ጊዜ ጤነኛ ሞተር ይዞ ይጣላል፣ ይህም ያሳዝነኛል። ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ በግማሽ ሙሌት፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ባዶውን አይተዉት። መለዋወጫ ባትሪ በእጅዎ ካላዩ ግን ባለ ገመዱን ይግዙ።

ጥያቄ፦ ልጄ በዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች፤ የራሷን ልትልክልኝ ትፈልጋለች። እዚህ ይሠራል?

መልስ፦ ባለ ገመድ ከሆነ አትላክ። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት ስለሆነ፣ ማሽኑ በእኛ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይቃጠላል፤ በትራንስፎርመር ልጠቀም ካሉም ለ1200 ዋት ማሽን የሚበቃው ትራንስፎርመር ራሱ ከቫኪዩሙ ሊከብድ ስለሚችል፣ ቀላል ዕቃ የመፈለጉ ትርጉም ይጠፋል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ግን የቻርጀሩን ጽሑፍ ታንብብልዎ፤ «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። በአውሮፕላን ስትመጣ መለዋወጫ ባትሪዎችን በእጅ ሻንጣዋ ትያዝ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም። እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ የብዙ ባለ ዘንግ ቫኪዩሞች ባትሪም ከዚህ በታች ነው።

ከዱባይ ወይም ከእስራኤል ለሚመጣው የቮልቴጅ ችግር የለም፤ መሰኪያው ብቻ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ቡና ካፈላን በኋላ ቀጤማውን፣ ፈንዲሻውንና የከሰሉን አመድ በአንድ ጊዜ ብንስበው?

መልስ፦ ፈንዲሻውን ይሳቡ። ቀጤማውን በእጅ ይሰብስቡ፤ ረጅም ሣር በብሩሹ ላይ ይጠመጠማል፣ እርጥበቱም ማጣሪያውን ያሻግታል። አመዱን ግን ፈጽሞ አይንኩት። ከላይ የጠፋ የሚመስል ረመጥ ከሥሩ ፍም ይዞ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ወደ ቫኪዩም ሲገባ የሚያገኘው ደረቅ አቧራ፣ ወረቀትና ኃይለኛ ነፋስ ነው፣ ይህም ወናፍ ማለት ነው። የቀዘቀዘውም አመድ ቢሆን እጅግ ከመላሙ የተነሣ ማጣሪያውን በአንድ ጊዜ ይደፍነዋል። የዕጣን ማጨሻውም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አስም አለበት፤ ወጥ ቤት ውስጥም የጤፍ ዱቄት ይበናል። ከረጢት ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው?

መልስ፦ ለአስም ሕመምተኛ ከረጢት ያለውን እመርጣለሁ፤ ብዙ ሰው ግን ከረጢት የሌለውን የሚገዛው ወጪ ለመቆጠብ ነው፣ እርሱም ምክንያት አለው። ልዩነቱ የሚታየው በሚደፋበት ጊዜ ነው። ከረጢቱ አቧራውን እንደያዘ ተዘግቶ ይጣላል፤ ከረጢት የሌለው ግን የሰበሰበውን ሲገለብጡት መልሶ ፊት ላይ ያበናል። ሁለተኛው ጉዳይ ማጣሪያው ነው። ሄፓ የሚባለው በአሜሪካ መለኪያ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከሚያህሉ ብናኞች 99.97 በመቶውን፣ በአውሮፓ ኤች13 የሚባለው ደግሞ ለማጣራት እጅግ ከሚያስቸግረው መጠን 99.95 በመቶውን ማስቀረት ይኖርበታል። ይሁንና የማሽኑ አካል በየመጋጠሚያው አየር የሚያፈስ ከሆነ ማጣሪያው ብቻውን አይረዳም፤ ስለዚህ ማሽኑ እየሠራ ሳለ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ እጅዎን በማዞር ነፋስ መውጣት አለመውጣቱን ይፈትሹ። የሚታጠብ ማጣሪያ ከሆነም ካጠቡት በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ የጤፍ ዱቄት በእርጥብ ማጣሪያ ላይ ሲያርፍ ሊጥ ይሆናል።

በነገራችን ላይ፣ በእጅ የሚንቀሳቀሰውን የኤሌክትሪክ ቫኪዩም እ.ኤ.አ. በ1908 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ጄምስ መሪ ስፓንግለር በአሜሪካ ኦሃዮ የአንድ ሕንፃ ጽዳት ሠራተኛና የአስም ሕመምተኛ ነበር። አቧራውን ለመሸሽ የማራገቢያ ሞተር፣ የትራስ ልብስና የመጥረጊያ እንጨት አገጣጥሞ ነው የጀመረው፤ መብቱንም በኋላ የገዛው የሁቨር ቤተሰብ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሹሩባ እሠራለሁ። የሰው ሠራሽ ፀጉሩ ብሩሹን ያንቀዋል።

መልስ፦ የሚሽከረከረው ብሩሽ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚነቀል መሆኑን አይተው ይግዙ፤ በየሳምንቱም በመቀስ ይቁረጡት። ለሴራሚክ ወለል ደግሞ ብሩሹን ማጥፋት የሚቻልበት ይሁን።

ጥያቄ፦ ወለሌ ሊሾ ነው፤ ምንጣፍ የለኝም። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አይግዙ። መጥረጊያና መወልወያ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ሱቅ ስሄድ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ሶኬት ላይ ሰክተው እንዲያሠሩልዎ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ። በፌስታል አንድ እፍኝ ሩዝ ይዘው ይሂዱና በሱቁ ወለል ላይ በትነው ይሞክሩት፤ ብሩሹ ሩዙን ከመሳብ ይልቅ ወደፊት እየበተነ የሚሄድ ከሆነ ለጠንካራ ወለል አይሆንም። ከዚያም የአቧራውን ዕቃ ራስዎ ይክፈቱና ይዝጉት፣ ማሽኑንም በአንድ እጅ አንሥተው እስኪከብድዎ ድረስ ይያዙት። በመጨረሻ የዚያው ማሽን መለዋወጫ ማጣሪያ ወይም ከረጢት መደርደሪያው ላይ መኖሩን ይጠይቁ፤ ካለ ሁለቱን አብረው ይግዙ፣ «እናስመጣለን» ካሉዎት ደግሞ እስኪመጣ ድረስ ገንዘብዎን አይክፈሉ።