የካንጋል ቡችላ ልውሰድ ወይ ብለው ለጠየቁት እህት

እህቴ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ባሉበት አዳማ በሚገኘው ግቢዎ የካንጋል ቡችላ ቢያሳድጉ ለልጆቹ ያሰጋ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ አዳማ ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት ካንጋል ማሳደግ ከጀመርሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁና፣ እኔን ያገኘኝ እርስዎን እንዳያገኝዎ የማውቀውን ልንገርዎ።

1. በሰንሰለት አያሳድጉት። የሚመክርዎ ሁሉ «ውሻ ቀን ታስሮ ካልዋለ ሌሊት አይጠብቅም» ይልዎታል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ካንጋል በቱርክ በሲቫስ አካባቢ በጎችን ከተኩላ እንዲጠብቅ የተረባ፣ ከመንጋው ጋር ተፈትቶ የሚውልና የሚያድር፣ ወዳጅና ጠላትን ራሱ አይቶ የሚለይ ውሻ ነው፤ ወንዱ ሲያድግ ከ50 ኪሎ ያልፋል። እኔ ግን ውሻዬን አንበሴን ገና በአምስት ወሩ ከማንጎው ግንድ ጋር አሰርሁት። ሰንሰለቱ የሚደርስበት ቦታ ሣሩ አልቆ ክብ ሆኖ ተላጠ፤ ከአንገት ማሰሪያው ሥርም ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው ቀላ። በበሩ የሚገባውን ሰው ከሩቅ ከማየት በቀር ቀርቦ አሽትቶ መልመድ ስላልቻለ፣ እንግዳ ሁሉ ጠላት ሆነበት።

በሁለት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ኳሱን ሊያነሣ ወደዚያ ክብ ሲገባ ክንዱን ነከሰው። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብነው፤ ይህን ማንም ወላጅ ሊያውቀው ይገባል። ሕክምና ስንደርስ የውሻውን የክትባት ካርድ ጠየቁን።

2. ካርድ ሳይቀበሉ አያስከትቡ። እኔ ያስከተብሁት ቤት ድረስ በመጣ ሰው ነበር፤ ካርድ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በዚህ ምክንያት ልጁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌውን በየቀጠሮው መወጋት ጀመረ፤ አንበሴም ለ10 ቀን ተለይቶ እንዲጠበቅ ታዘዘ። ማስረጃ ፍለጋ በሄድሁበት መሥሪያ ቤት ያገኘሁት ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ውሻህን ማሰር ካቃተህ ግደለው» አለኝ። የእህቱ ልጅ ተነክሶበት ለደነገጠ ሰው እንዲህ አይባልም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ውሻው እኮ ታስሮ ነበር!

አሥረኛው ቀን በሰላም ሲያልፍ ሰንሰለቱን አውልቄ ጣልሁት። ቆርቆሮ የለበሰ ጥላ ያለው ሰፊ አጥር ሠራሁለት፤ የውጭው በር ተከፍቶ ሳለ እንዳይወጣም ከውስጥ ሁለተኛ በር አስገጠምሁ። የአዳማ ፀሐይ ስለሚከብደው በማለዳ 12 ሰዓትና ከመሸ በኋላ ይዤው እወጣ ነበር። ፀጉሩን ላጨው ያሉኝን አልሰማሁም፤ ያ ድርብ ፀጉር ከፀሐይም ይከልለዋል። እንግዳ ሲመጣ አጠገቤ አስቀምጬ ረጋ ብሎ እስኪያሸት እጠብቀው ነበር። ሰባት ወር ፈጀብኝ፤ ዛሬ ትንሿ ልጄ ደጃፉ ላይ ስታጠና እግሯ ሥር ተጋድሞ ይውላል። ያም ሆኖ ብቻቸውን ትቻቸው አልሄድም፤ ሲበላም ማንም ልጅ አይጠጋውም።

3. ለበዓል በግ ሲያርዱ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይስጡት፤ ከውሻው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በሰው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚያወጣ ትል ያመጣል።

ቡችላውን ከወሰዱት ዕድሜው ሦስት ወር ሲሞላ ለእብድ ውሻ በሽታ ያስከትቡት፣ በየዓመቱም ያሳድሱለት። አጥሩን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ደግሞ ልጆቹን ይዘው ይምጡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።