መልስ፦ ሊንክድኢን ላይ የቡና ገዢ ስለማግኘት

እህቴ፣ ቡና ላኪ እንደሆንሽና ሊንክድኢን ላይ (ሰዎች ለሥራ የሚገናኙበት ማኅበራዊ ድረ ገጽ) ብዙ ሰው ጨምረሽ ማንም እንዳልመለሰልሽ ጽፈሻል። ለፕሪሚየም፣ ማለትም ለሚከፈልበት የሊንክድኢን አገልግሎት፣ ልክፈል ወይ ላልሽው፣ አሁን አትክፈዪ። መጀመሪያ ገጽሽን አስተካክዪ።

ከስምሽ ሥር ያለው መስመር እስከ 220 ፊደል ይይዛል። እዚያ ላይ «ሥራ አስኪያጅ» ብቻ ከተጻፈ ገዢ ፈልጎ አያገኝሽም። የይርጋጨፌና የጉጂ ቡና ላኪ መሆንሽን፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ በእንግሊዝኛ ጻፊው።

ሰው ስትጨምሪ የድርጅት ባለቤቶችን ብቻ አትፈልጊ። ቡና የሚቆሉ ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ሥራው ጥሬ ቡና መግዛት የሆነ ሰው አለ። በሥራ መደቡ ፈልጊው። ጥያቄሽን እንደተቀበለ ግን የዋጋ ዝርዝር አትላኪበት፣ በናትሽ! ብዙ ላኪ ገዢ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ምን ዓይነት ቡና እንደሚፈልግ ጠይቂው። ከዚያ ናሙና ልላክልህ በዪው። ቡና የሚገዛው ተቀምሶ ነው።

የምትለጥፊው ደግሞ ከሥራሽ ይሁን። ለቀማው፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚደርቀው ቡና፣ የአካባቢው ከፍታ፣ ሁሉም ይነበባል። አውሮፓን ካሰብሽ ማሳዎቹ በትክክል የት እንደሆኑ የሚያሳይ የጂፒኤስ መረጃ እንዳለሽ በግልጽ ጻፊ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ሕግ፣ በፈረንጆቹ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ገዢዎቹ ይህን መረጃ አጥብቀው ይፈልጉታል።

የገጽሽን መግለጫ እዚህ ብትለጥፊው አይቼ አስተያየት እሰጥሻለሁ።