ጀልባው ሳይታይ ጀልባን ማንሳት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፎቶግራፍ

ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ። ጉዳዩም የጀልባን ቀለም፣ ዝገት፣ ገመድና የውኃ ነጸብራቅ በቅርበት አንስቶ ረቂቅ ምስል፣ ማለትም ጀልባነቱ ሳይለይ ቅርጽና ቀለም ብቻ የሚታይበትን፣ ማውጣት ነው። የተመረጡትን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ባሕር ዳር ስመላለስ የጣና ጀልባዎችን በቅርበት አነሳለሁ። ቀለሙም ዝገቱም ለዓይን ያምራል። ፎቶው ላይ ግን የተቆረጠ ጀልባ እንጂ ረቂቅ ምስል አይመስልም። ምን ጎደለኝ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከጎደለዎት ይልቅ የተረፈዎት ሳይበልጥ አይቀርም። ተመልካች ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው «ይሄ ምንድን ነው?» ለሚለው መልስ የሚሰጠውን ፍንጭ ነው። በአንዱ ጥግ የምትታይ የሰማይ ቁራጭ፣ የመስኮት ጠርዝ፣ የሞተር ጫፍ ካለች ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፍና ምስሉ ተመልሶ ጀልባ ይሆናል። ስለዚህ የካሜራውን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት መሐሉን ይተዉትና አራቱን ጠርዞች በየተራ ይዙሩ፤ ከላይ፣ ከቀኝ፣ ከታች፣ ከግራ፣ በመጨረሻም ጥጎቹን። በእያንዳንዱ ጠርዝ ምን እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚወጣ ይዩ። አንድ መስመር ልክ በጥጉ ላይ ከወጣ ዓይንን ጎትቶ ያስወጣል፤ ካሜራውን ጥቂት ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ይበቃል። ጽሑፍም እንደዚሁ ነው። ሙሉ ቃል ከገባ ሰው ያነበዋል፤ «ጣና» ከሚለው የ«ጣ»ን ሦስት እግሮች ብቻ ቢያስቀሩ ግን ፊደሉ ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ምን ይፈለግ? ከብሎን ሥር ቁልቁል የወረደ ዝገት ተመልከቱ፦ ከላይ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ሲወርድ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ሆኖ ነጩ ቀለም ውስጥ ይጠፋል። ገመድ ዘወትር የሚፈትገው ቦታ ላይ ደግሞ በየጊዜው የተቀባው ቀለም ተራ በተራ ይገለጣል፤ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ባዶ ብረት። በጀልባው ጎን የተንጠለጠለ ጎማ ጀልባው በተወዛወዘ ቁጥር እየታሸ ጥቁር ቅስት ይተዋል። ከእነዚህ አንዱን ይምረጡ። ሁለት ወይም ሦስት ቀለምና አንድ ጠንካራ መስመር ለአንድ ፍሬም በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ገበያ ይሆናል።

ወደ ካሜራው ስንመጣ፣ ሌንስዎ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። የካሜራው ጀርባ ከጀልባው ጎን ጋር ትይዩ ይሁን። በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ፣ በ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 8 (ቁጥሩ ሲጨምር የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል) ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከፊትም ከኋላም ተደምሮ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካሜራው ትንሽ ካዘነበለ ወይም የጀልባው ጎን ጎበጥ ያለ ከሆነ ይህ አይበቃምና የፍሬሙ አንድ ወገን ይደበዝዛል። ኤፍ 11 ሲሆን ጥልቀቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ከኤፍ 16 በላይ መሄድ ግን አይጠቅምም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) እዚህ ላይ የሚታሰበውን ያህል አይረዳም፤ እርስዎ ቢቆሙም የታሰረ ጀልባ አይቆምምና። የሻተሩን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አያሳንሱ፤ ብርሃኑ ካልበቃ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ወደ 400 ወይም 800 ከፍ ያድርጉ። ጀልባው ወደ አንድ ወገን ተወዛውዞ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይቆማል፤ የሚጫነው ያኔ ነው።

በደንገል የተሠራ ታንኳ ካገኙ በብዛት ያንሱ። የታሰረው ደንገል መስመር በጣም የሚያምረው ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታው ነው፤ ከንጋቱ 12:30 እስከ 2:00 ሰዓት ባለው ጊዜ። ለቀለም ከሆነ ግን ደመና ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጀልባ ቀለም ውኃ ላይ ሲንቀጠቀጥ ማንሳት እወዳለሁ። አንዳንዴ ድብዝዝ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ነጸብራቁ ራሱ ይጠፋል። ፖላራይዘር ገዝቻለሁ። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ነጸብራቁን ያጠፋው ፖላራይዘሩ፣ ያ ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ማጣሪያ፣ ራሱ ነው። ከውኃው ገጽ 37 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ብለው ሲያዩ ማጣሪያው ነጸብራቁን ከሞላ ጎደል ጠራርጎ ማጥፋት ይችላል። ለዚህ ሥራ ያውልቁት፣ ወይም ነጸብራቁ እስኪደምቅ ድረስ ያዙሩት። ጥቅሙ የተቀባና እርጥብ የሆነ ጎን ላይ ያለውን ብልጭታ መቀነሱ ነው፤ በባዶ ብረት ላይ ግን ብዙም አይሠራም፣ ከአንድ ስቶፕ ተኩል እስከ ሁለት የሚደርስ ብርሃንም ይወስድብዎታል (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ ግማሽ ነው)።

የድብዝዙ ምክንያት ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። በውኃው ውስጥ የሚታየው ምስል ያለው ውኃው ላይ አይደለም። ከካሜራው እስከ ውኃው፣ ከውኃው እስከ ጀልባው ያለው ርቀት ተደምሮ ነው ፎከሱ የሚቆጠረው። ካሜራው በራሱ ሲፈልግ ግን ቅጠል ወይም አረፋ ያገኝና እዚያው ይቆማል። በአንድ ነጥብ ብቻ፣ ጥርት ያለ የቀለም ድንበር ላይ ፎከስ አድርገው ይቆልፉት።

ፍጥነቱን እንደ ፍላጎትዎ ይምረጡ፦ የሞገዱን ቅርጽ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ጥርት አድርጎ ለመያዝ 1/500 እና ከዚያ በላይ፤ ቀለሙ እንዲፈስ ከ1/15 እስከ 1/4፣ ያኔ ትራይፖድ የግድ ነው፣ መቆሚያውም የብስ ላይ ይሁን። መሐሉ፣ 1/60 አካባቢ ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ስህተት ይመስላል። ለመቆም የሚመረጠው ጀልባው ፀሐይ ሲያርፍበት ከፊቱ ያለው ውኃ ጥላ ውስጥ የሚሆንበት ቦታ ነው፤ ቀለሙ በእጥፍ ይደምቃል። ሐይቁ ረጋ የሚለው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ቅርጹን ይበታትነዋል።

ጥያቄ፦ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይቻላል? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ በደንብ ይቻላል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። በጣም አይጠጉ፤ የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ከቅርብ ሲያነሱ ጠርዝ ላይ ያሉ መስመሮች ይንጋደዳሉ። ስልክዎ ሁለተኛ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው ራቅ ብለው በእሱ ያንሱ። ከሌለው በጣት ማቅረብ ምስሉን ከመቁረጥ የተለየ ነገር አይሠራም፤ አንስቶ በኋላ መቁረጥ ይሻላል። ጣትዎን ስክሪኑ ላይ ቆየት አድርገው ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ፤ ከዚያ ብርሃኑን ጥቂት ወደ ታች ይሳቡት፣ ቀለሙ ይጠግባል። ፖርትሬት የሚለውን አሠራር አይጠቀሙ፤ ገመድና ዝገት ላይ ጠርዙን በሐሰት ያደበዝዛል።

ጥያቄ፦ ነጭ የጀልባ ጎን ሳነሳ ግራጫና ሰማያዊ ይወጣብኛል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ግራጫ የሚሆነው ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚለካ ነው፤ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ከ+2/3 እስከ +1 2/3 ስቶፕ ይጨምሩ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጠርዝ ላይ ሳይቆረጥ ያቁሙ። ለጥቁር ጎማ ተቃራኒውን ያድርጉ። ሰማያዊው የሚመጣው ጥላ ውስጥ ያለው ጎን ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ነው። ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) የጥላ ምልክት ላይ ያድርጉት፤ በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ካነሱ ደግሞ በኋላም ይስተካከላል። ሰማያዊው ራሱ የሚያምርበት ጊዜም ስላለ በችኮላ አያጥፉት።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ጀልባ የለም። ባሕር ዳር እስክሄድ ዓይኔን በምን ላሠልጥን? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ በኢሱዙ ነዋ! ካሶኒው ላይ የተቀባ ብረት፣ ብሎን፣ ዝገት አለ፤ ከላይ ሸራና የተወጠረ ገመድ። ከውኃው በቀር ጀልባ ያለው ሁሉ አለው። ውኃውን ደግሞ ዝናብ ያመጣልዎታል፦ ክረምት ላይ መኪና ከቆመበት አጠገብ የተጠራቀመ ኩሬ ፈልገው ቁጢጥ ይበሉና ሌንሱን ወደ ውኃው ዝቅ ያድርጉት፤ ከላይ የተነገረው የፎከስ ሕግ እዚያም ይሠራል። አንድ መኪና ላይ ብቻ ቆይተው፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሆነች ቦታ ሳይወጡ የተለያዩ ፍሬሞች ለማውጣት ይሞክሩ። ከመኪና ወደ መኪና መዞር ዓይንን አያሠለጥንም። ሾፌሩን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ታርጋውን ከፍሬሙ ያውጡ። ባሕር ዳርም ሲደርሱ ባለ ጀልባውን እንዲሁ፣ በጥበቃ ሥር ባለ ወደብ ደግሞ ጥበቃዎቹን።

ጥያቄ፦ በማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሌንሴ እንፋሎት ይይዛል። ተበላሽቶ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አልተበላሸም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርዱ የሚያገኙት አየር ሞቃትና እርጥበት ያለው ነው፤ በደጋው ብርድ የቀዘቀዘ መስታወት ሲያገኝ ጠል ይሆናል። ከመነሳትዎ በፊት ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት ከተው በደንብ ይሰሩት፤ ሲደርሱ ሳይከፍቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያቆዩት። ጠሉ ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ሌንሱ ላይ ከያዘ ደግሞ በሸሚዝ አይጥረጉ፤ አቧራው መስታወቱን ይጭረዋል። ሌንሱንም ከካሜራው አይፍቱ፣ እርጥቡ አየር ወደ ሴንሰሩ ይገባል። ክዳኑን አንስተው በራሱ እስኪደርቅ ይጠብቁ።