የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ ለምን ይከሽፋል?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ የቶርኖ ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ታናሽ ወንድሜ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ይኖራል፤ በአፈሙዛቸው ለሚጎርሱ ጠመንጃዎች ብቻ በሚከፈተው የአደን ወቅትም አጋዘን ለማደን ይወጣል። ጠመንጃው ዘመናዊ ሆኖ፣ መምቻው ከበርሜሉ ጋር በአንድ መስመር የሚሄድና ቁጥር 11 በሚባል ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚለኮስ ነው። ባለፈው ወቅት ዝናብ በጣለበት ቀን ሁለት ጊዜ ከሸፈበት። በሌላ ግዛት የሚያድኑ ጓደኞቹ 209 ወደሚባለው ጠንካራ መለኮሻ እንዲቀይረው መክረውታል፤ እሱ ደግሞ የበርሜሉን የኋላ መዝጊያ ለክቶ ልኬቱን ላከልኝና «ወንድም ጋሼ፣ 209 የሚቀበል መዝጊያ አንተው ቅረጽልኝ» አለኝ። ብቀርጽለት ችግር አለው? የሚሻለውስ የትኛው መለኮሻ ነው?

መልስ፦ እባክዎን አይቅረጹለት። የእጅዎን ሙያ ተጠራጥሬ አይደለም። የኋላው መዝጊያ ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረውን ግፊት ሙሉ በሙሉ የሚሸከም፣ ከተኳሹ ዓይን ጥቂት ስንዝር ብቻ የሚርቅ ክፍል ነው፤ የሚሠራውም ዓይነቱ በታወቀና በሙቀት በተገራ ብረት ስለሆነ፣ ልኬቱ በትክክል ቢወጣ እንኳ ከአሮጌ የመኪና አክስል የተቀረጸ መዝጊያ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በዚያ ላይ በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ መሥራትም ሆነ መጠገን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ወንድምዎ ክፍሉን ከጠመንጃው ሠሪ ኩባንያ ይግዛ።

ወደ 209 መቀየርን በተመለከተ፣ የጓደኞቹ ምክር ለእነሱ ግዛት ይሠራ ይሆናል፤ የአይዳሆ ሕግ ግን በዚህ ልዩ ወቅት 209ን ይከለክላል። የሚፈቀደው በባልጩት፣ በተለመደው የመዳብ ቆብ ወይም ከእሱ ተለቅ ባለው የመስኬት ቆብ መለኮስ ሲሆን፣ ጠመንጃው ለመተኮስ ሲዘጋጅ ቆቡ ከውጭ መታየት አለበት። 209 መጀመሪያ ለዘመናዊ የአእዋፍ ጠመንጃ ጥይት የተሠራ መለኮሻ ነው። እሳቱ ከቁጥር 11 እጅግ ይበልጣል፤ በሚፈቀድበት ቦታም ጥሩ ምርጫ ነው። ወንድምዎ ግን ገንዘቡን አውጥቶ ቢቀይረው ሊያድንበት ወደማይችለው መሣሪያ ይለውጠዋል።

የክሽፈቱን ምክንያት ለመረዳት የእሳቱን መንገድ መከተል ይጠቅማል። መምቻው ቆቡን ሲመታው በውስጡ ያለው ቅመም ይፈነዳል፤ ነበልባሉም በቆቡ መቀመጫ ጠባብ ቀዳዳ አልፎ በመዝጊያው በኩል ባሩዱ ዘንድ ይደርሳል። ይህን በምት የሚፈነዳ ቅመም ለጠመንጃ መለኮሻነት ያዋለው ፎርሳይት የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። አዳኝ ስለነበር፣ የባልጩቱ ብልጭታ አረሩ ሳይደርስባቸው ወፎቹን ያስበረግግበት ነበር። እግረ መንገዴን ላንሳውና፣ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች የያዙት በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ሲሆን፣ እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው ነበር፤ ባሩድና አረር በአፈሙዝ እየጠቀጠቁ መዋጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በዚያ ቀን በሕይወት ተከፍሎበታል።

ከቆቡ እስከ ባሩዱ ባለው መንገድ ላይ ዘይት፣ ጥላሸት ወይም እርጥበት ካለ ነበልባሉ ከመድረሱ በፊት ይሞታል። የጅማ ሰው በክረምት በደንብ ያልደረቀ ቡና እንዴት እንደሚሻግት ያውቃልና፣ ባሩድም እርጥበትን የሚስብ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። በተጨማሪ ወንድምዎ የሚጠቀመው እንደ ፓይሮዴክስ ያለ የጥቁር ባሩድ ምትክ ከሆነ፣ ምትኩ ለመቀጣጠል ከእውነተኛው ጥቁር ባሩድ የበለጠ እሳት ይፈልጋል፤ ለጥቁር ባሩድ የሚበቃው ቁጥር 11 ለምትኩ አንዳንድ ጊዜ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው የቁጥር 11ን መቀመጫ አውጥቶ የመስኬት ቆብ በሚቀበል መቀመጫ መተካት ነው። የመስኬት ቆብ ከንፈር ያለው ባርኔጣ ይመስላል፤ በብርድ ለደነዘዘ ጣት ለመያዝ ይቀላል፣ እሳቱም በግልጽ ይበረታል። የእርስዎ ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የመቀመጫዎች ጥርስ አንድ ዓይነት አይደለም፦ 6 ሚሊሜትር ሆኖ በጥርስና በጥርስ መካከል 1 ሚሊሜትር ያለው አለ፤ 6 ሚሊሜትር ሆኖ 0.75 ያለው አለ፤ ሩብ ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ያለውም አለ። የመጨረሻው 6.35 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን ከሌሎቹ አይለይም፤ አንዱን በሌላው ቦታ አስገድዶ ያጠበቀ ሰው ግን በሚቀጥለው ተኩስ መቀመጫው ተፈናጥሮ ወደ ፊቱ ሊመጣበት ይችላል። ወንድምዎ በጥርስ መለኪያ ለክቶ ቁጥሩን ይላክልዎና ከኩባንያው መመሪያ ጋር ያስተያዩለት። እሳቱ ይጨምራል ብሎ የመቀመጫውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ እንዳያሰፋም አደራ ይበሉት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

መቀመጫው ከመቀየሩ በፊትም ሆነ በኋላ ጽዳቱ አይቀርም። ከተኩስ በኋላ የሚቀረው ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረቱን ስለሚበላ፣ በዚያው ቀን መዝጊያውና መቀመጫው ወጥተው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ቀዳዳው በቀጭን ሽቦ ተጠርጎ ይድረቅ፤ ጥርሶቹም ሙቀት የሚችል ቅባት ይቀቡ። ለአደን በሚወጣበት ጠዋት፣ ባሩድ ከመጉረሱ በፊት አፈሙዙን አደጋ ወደሌለበት አዙሮ ባዶውን ጠመንጃ አንድ ሁለት ቆብ ቢያስፈነዳበት በመንገዱ የቀረው ዘይት ይቃጠላል። ወንድምዎ ይህንኑ ብቻ አድርጎ ክሽፈቱ ቢቀርለት አይደንቀኝም፤ እንዲያውም አዲሱን መቀመጫ ከመግዛቱ በፊት ይህን ይሞክር።

ዳግመኛ ከከሸፈበት ግን ቶሎ ብሎ አይክፈተው። ባሩዱ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ዘግይቶ ሊነሣ ስለሚችል፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞረ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይታገሥ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ቆብ አድርጎ ይሞክር።