«ባይ» ላይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

የጎንደር እንግሊዝኛ ተለማማጆች የዛሬ ጥያቄና መልስ «ባይ» (by) በምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው። መልስ የሚሰጡት መምህራችን ናቸው።

መምህር፦ እንደምን አመሻችሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አማርኛው ላይ «በ» ስላያችሁ ብቻ «ባይ» አትበሉ። የእኛ «በ» ብዙ ሥራ አለባት። እንግሊዝኛው ያንን ሥራ ለ«ዊዝ»፣ ለ«ኢን»፣ ለ«ኦን» እና ለ«አት» አከፋፍሎታል። እሺ፣ ቀጥሉ።

ባጃጅ ሹፌር፣ ከአዘዞ፦ «በእግሬ መጣሁ» ሲባል «ባይ ፉት» ልክ ነው?

መምህር፦ የተለመደው «ኦን ፉት» ነው። መጓጓዣ ሲሆን «ባይ ባስ»፣ «ባይ ፕሌን» በል። «ማይ» ከገባች ግን «ባይ» ትወጣለች፤ «ኢን ማይ ካር» ነው የሚባለው።

ተማሪ፣ ከማራኪ፦ መምህር፣ የ«ባይ»ን ትርጉሞች ሁሉ ባጭሩ ይዘርዝሩልን?

መምህር፦ አልዘረዝርም። ያስቸገረሽን አንድ ዓረፍተ ነገር አምጪ።

ሪሴፕሽን የምትሠራ፣ ከፒያሳ፦ «እባክዎ ክፍሉን እስከ ስድስት ሰዓት ይልቀቁ» ለማለት «አንቲል ትዌልቭ» ብዬ ለጥፌ ነበር። አንዷ እንግዳ ግራ ተጋባች። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መምህር፦ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። የእኛ «እስከ» ሁለት ነገር ይይዛል። «እስከ ሰኞ እጠብቅሃለሁ» ስትዪ መጠበቁ ሳይቋረጥ ሰኞ ይደርሳል። ይኼ «አንቲል ማንዴይ» ነው። «እስከ ሰኞ እጨርሳለሁ» ስትዪ ግን መጨረሱ አንዴ የሚሆን ነገር ነው፤ ቅዳሜም ሊሆን ይችላል፣ እሑድም፤ ብቻ ሰኞን አያልፍም። ይኼ «ባይ ማንዴይ» ነው።

ስለዚህ ግሱን ጠይቂው፦ የሚቆይ ነው ወይስ አንዴ ሆኖ የሚያልቅ? መቆየት፣ መጠበቅ፣ መተኛት ከሆነ «አንቲል»። መልቀቅ፣ መድረስ፣ መክፈል ከሆነ «ባይ»። ማስታወቂያሽ «ፕሊዝ ቼክ አውት ባይ ትዌልቭ» ይሁን። ቁርስ ግን እስከ አራት ሰዓት ሲቀርብ ይቆያል፤ «ብሬክፋስት ኢዝ ሰርቭድ አንቲል ቴን»።

አሉታ ሲገባ ደግሞ ልዩነቱ ይከፋል። «አይ ዎንት ፊኒሽ ባይ ማንዴይ» ማለት ለሰኞ አላደርሰውም ነው። «አይ ዎንት ፊኒሽ አንቲል ማንዴይ» ያልሽ እንደሆነ ደግሞ ከሰኞ በፊት አያልቅም፣ ሰኞ ግን ያልቃል ማለት ነው። በአንዲት ቃል ቀጠሮ ይፋለሳል።

አስጎብኚ፣ ከአራዳ፦ እኔ ለቱሪስት «ጎንደር ዎዝ ፋውንድድ ባይ 1636 ባይ ፋሲለደስ» እላለሁ። ልክ ነኝ?

መምህር፦ ሁለተኛው «ባይ» ልክ ነው፤ አድራጊውን ያመጣል። የመጀመሪያው «ኢን 1636» ይሁን። «ባይ» ከዓመት ጋር ስትመጣ «ያ ዓመት ሲደርስ ነገሩ ሆኖ ነበር» ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። እንግዲህ «ባይ 1770፣ ጎንደር ሃድ ቢን ዘ ካፒታል ፎር ሞር ዛን ኤ ሃንድረድ ይርስ» ብትል ያምራል።

ሌላ አስጎብኚ፦ 1636 እኮ በእኛ 1628 ነው። ለምን በፈረንጅ እንቆጥራለን?

አስጎብኚ፣ ከአራዳ፦ ለፈረንጅ ነዋ የምናስረዳው! ይልቅ ፋሲል «ባይ» ይገባዋል ወይ? ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው የሚሉ አሉ።

ሌላ አስጎብኚ፦ ኢየሱሳውያንን፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ያባረረ ንጉሥ ፖርቱጋል ጠርቶ ያሠራል? የህንድ ግንበኛ ብትል እንኳ ይሻላል። የአገሩ ሰው እጅስ የት ሄደ?

መምህር፦ ወገኖቼ፣ ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆየን። ለሰዋስው ሁለቱም ይሆናል። ከ«ባይ» በኋላ ያሠራውም ይገባል፣ ድንጋዩን የደረደረውም ይገባል። የማይገባው ድንጋዩ ራሱ ነው። «ቢልት ባይ ስቶን» አትበሉ፤ «ቢልት ዊዝ ስቶን» ነው። ቢላዋም፣ እስክሪብቶም፣ ቁልፍም «ዊዝ» ናቸው። በድጋሚ፦ «በ» ሁሉ «ባይ» አይደለም።

ነጋዴ፣ ከቅዳሜ ገበያ፦ ዋጋ ሲጨምር «ባይ» ነው «ቱ»?

መምህር፦ ሁለቱም አሉ፣ ገንዘቡ ግን ይለያያል። 100 ብር የነበረ ዕቃ 150 ቢገባ «ባይ 50» ጨመረ፣ «ቱ 150» ደረሰ። ውል ላይ ይህን ያሳሳተ ይከስራል። በኪሎ ስትሸጥም «ባይ ዘ ኪሎ» ነው፤ እዚህ ላይ «ዘ» የግድ ነው።

ነርስ፦ «ባይ ማይሰልፍ» ብቻዬን ነው ወይስ ራሴ?

መምህር፦ ሁለቱንም ይሆናል፦ ብቻዬን፣ ወይም ያለ ሰው እርዳታ።

ተማሪ፣ ከማራኪ፦ እሺ አንድ ላምጣ። «ዘ ታቦት ፓስድ ባይ» ላይ ከ«ባይ» ቀጥሎ ምንም የለም። ጎደሎ አይደለም?

መምህር፦ ጥሩ አመጣሽ። ጎደሎ አይደለም። እዚህ «ባይ» ተውሳከ ግስ ናት፤ ስም አትፈልግም። ጥምቀት ላይ መንገድ ዳር ቆመሽ ታቦቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲሄድ በፊትሽ አልፎ ሄደ፤ «ፓስድ ባይ» ያ ነው። ጊዜም እንዲሁ ያልፋል፦ «ይርስ ዌንት ባይ»። ስም ከተከተላት ግን መስተዋድድ ትሆናለች፦ «ሚት ሚ ባይ ዘ ጃንተከል ትሪ»፣ ከጃንተከል ዋርካ አጠገብ እንገናኝ። «ኒር» ትንሽ ራቅ ያለንም ይጨምራል። «ባይ» ስትዪ ግን ከዛፉ ጎን መቆም አለብሽ።

አዲስ የገባ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው። «ባይ» እና «አንቲል» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መምህር፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። ለሪሴፕሽኗ ልጅ ጽፌዋለሁ።

አዲስ የገባ፦ አነበብኩ። «አይ ዊል ስቴይ ኢን ደባርቅ ባይ ፍራይዴይ» ልክ ነው?

መምህር፦ መቆየት የሚቀጥል ነው ብያለሁ። «አንቲል ፍራይዴይ»።

ተማሪ፣ ከማራኪ፦ ለፈተና የሚመጣው የትኛው ነው?

መምህር፦ ፈተና አላወጣም። «ባይ ዘ ታይም» የቀረባችሁን ሐሙስ እንይዘዋለን። እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ፣ አንዱ በ«ባይ»፣ አንዱ በ«አንቲል»።