ለአሶሳ ቀይ አፈር የትኛው ኮይል ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጂፒኤክስ 4500 የሚባለው የሚንላብ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን አለህ፤ ያለህ ኮይል (ከዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው፣ ሽቦ የተጠቀለለበት መሬት ዳሳሽ) 11 ኢንቹ ደብል ዲ፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥቅሉ ብቻ ነው፤ የምትሠራው ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መስመር ነው፤ አውስትራሊያ የሚኖረው ወንድምህ ለበዓል ሲመጣ አንድ ኮይል ሊገዛልህ ቃል ገብቷል። ከ25 ኢንቹና ከ17 በ13ቱ የትኛው ጠልቆ ያያል ነው ያልከው። እኔ ግን ሁለቱንም ለጊዜው ትተህ 14 በ9 ኢንች ሞላላ ሞኖ (ባለ አንድ ጥቅል) ኮይል እንዲያመጣልህ እመክርሃለሁ። ገንዘቡ ቀላል ስላልሆነ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

ትልቅ ኮይል ጠልቆ ያያል የሚባለው እውነት ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ለትልቅ ወርቅ ነው። ማሽንህ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ወደ ኮይሉ እየለቀቀና በድንገት እያቋረጠ፣ ከዚያም መሬት ውስጥ ያለው ወርቅ ወይም ሌላ ብረት ለቅጽበት የሚመልሰውን እያዳመጠ ነው። ኮይሉ በሰፋ ቁጥር የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ታች ይዘልቃል፤ ነገር ግን ኃይሉ በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል ስንዴ በምታክል ፍሬ ላይ የሚያርፈው ይሳሳል። የትንሽ ፍሬ ምላሽ ደግሞ ወዲያው የሚጠፋ ነው። ስለዚህ 25 ኢንቹ ግማሽ ግራም ወርቅን ገና ከላይኛው አፈር ላይ ሳለ ሊያልፈው ይችላል፤ ባለ 8 ኢንቹ ግን አይስተውም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ከኮይሉ ስፋት አንጻር ራቅ ብሎ ለሚገኝ ትንሽ ብረት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ ስልሳ አራተኛ እጁ ይወርዳል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ የትኛውም አምራች አይሽረውም። ኮይሉን ከመሬት አንድ መዳፍ ከፍ አድርጎ የሚያወዛውዝ ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ጥልቀት አየር ላይ ይጨርሰዋል። ትልቅ ኮይል ከባድ ነው፤ ክንድ ሲደክም መጀመሪያ የሚመጣው ከፍ ማድረግ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ መቸኮል። ረፋድ ላይ በሥርዓት ሲያስሱ ያየኋቸው ሰዎች ከሰዓት በኋላ በትልቅ ኮይል ሣር የሚያጭዱ ይመስላሉ። በቀላል ኮይል መሬቱን እየዳሰሰ፣ ቀስ እያለ፣ መስመሩን ግማሽ በግማሽ እየደረበ የሚሄድ ሰው ከእነርሱ የተሻለ ያገኛል።

ስለዚህ ከኮይሉ በፊት የቦታህ ወርቅ ምን ያህል እንደሆነ እወቅ። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት በገበቴ የሚያጥቡት እናቶች ናቸው። በእነርሱ እጅ የሚወጣው ዱቄት ብቻ ከሆነ የትኛውም ኮይል አይጠቅምህም፤ ማሽኑ ዱቄት ወርቅን አያይም። የሽንብራና የስንዴ ፍሬ የሚያክል እየወጣ ከሆነ ትንሹና መካከለኛው ኮይል የአንተ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ ከባድ ቁራጭ የሚወጣበት፣ አፈሩ ዝም ያለ ሸለቆ ከሆነ ብቻ ነው ስለ ትልቁ መነጋገር የሚገባን።

አሁን ወደ ሞኖና ደብል ዲ ልምጣ፤ ለአንተ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሞኖ በአንድ ጥቅል ሽቦ ይልካል፣ በዚያው ይቀበላል፤ በተመሳሳይ ስፋት ከደብል ዲ ይልቅ ጠልቆ ያያል፣ ዳር ዳሩም ለትንሽ ወርቅ በጣም ንቁ ነው። ችግሩ ብረት የበዛበትን መሬትም በዚያው ንቃት መስማቱ ነው። ደብል ዲ ሁለት ጥቅልሎች አሉት፤ መስኩ እንደ ስለት ጠባብ ስለሆነ ከመሬቱ የሚሰማው ጫጫታ ያንሳል። የአሶሳ አካባቢ ቀይ አፈር ብረት ያዘሉ ጠጠሮች ሞልተውበታል፤ ጠጠሮቹ ወርቅ መስለው ይጮኻሉ። «ታዲያ ለምን ሞኖ ትለኛለህ?» ትለኝ ይሆናል። መልሱ የማሽንህ አቀማመጥ ነው። 4500 ላይ ሞኖ አስገብተህ ለአስቸጋሪ አፈር ወደተዘጋጁት ኢንሃንስ ወይም ሴንሲቲቭ ስሙዝ አቀማመጦች ብታዞረው አብዛኛው የጠጠር ጩኸት ጸጥ ይላል። ኖርማል ላይ አድርገህ ቀይ አፈር ላይ ከሄድክ ግን ማሽኑ ያብድብሃል፤ ጥፋቱንም በኮይሉ ላይ ታላክካለህ። ኖርማልን ነጩ ድንጋይና ግራጫው አፈር ለሚታይበት ለዘብተኛ ቦታ አቆየው።

ያለህን ደብል ዲ ግን እንዳትሸጠው። ጨዋማ ወይም በዝናብ የራሰ መሬት የሳልት አቀማመጥን ሲጠይቅ ሳልት በሚገባ የሚሠራው በደብል ዲ ነው። ተራ ብረትን ከወርቅ የሚለየው የማሽኑ የብረት መለያም የሚሠራው በዚሁ ነው። ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ሆነህ ማሽኑ እንደ ንብ ሲያዜም ደግሞ መቀየሪያውን ካንስል ላይ ብታደርገው የደብል ዲ ሁለት ጥቅልሎች ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ እርስ በርስ ያጠፋሉ። ጥልቀት ይቀንሳል፤ ሆኖም መሥራት ትችላለህ። ይህ ዕድል ሞኖ ላይ የለም።

ሞላላውን የመረጥኩበት ምክንያት ቀርከሃው ነው። በእናንተ አካባቢ ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ሲገለጥ የሚቀረው የቀርከሃ ጉቶ ክብ ኮይል አያስገባም። በዚያው መስመር አንድ ተዳፋት ላይ የሠራሁትን ልንገርህ። ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች በትልቅ ክብ ኮይል ቦታውን አስሰው «አልቋል» ብለው ሄደው ነበር። የእግራቸውና የቁፋሯቸው ምልክት ይታያል፤ ሁሉም ከጉቶዎቹ ውጪ ባለው ሜዳ ላይ ነው። እኛ የሞላላውን አፍንጫ በሁለት ጉቶዎች መካከል ስንሰድ ከማዳመጫው በጣም ቀጭን፣ ከፍ ብሎ ዝቅ የሚል ድምፅ መጣ። የላይኛውን አፈር በእግር ገፋ አደረግሁት፤ ድምፁ አልጠፋም፣ ጎላ አለ። ጠጠር ቢሆን ኖሮ ኮይሉን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ቶሎ ይከስም ነበር። አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ሥሩ መካከል በቀይ ጭቃ የተለበጠች፣ አንዱ ጎኗ ነጭ ድንጋይ የያዘች ፍሬ ወጣች። ከግራም ታንሳለች። በዚያው ተዳፋት ላይ ከጉቶ ሥር ሥሩ ሌሎችም ወጡ። ሜዳው በእውነት አልቆ ነበር፤ ጉቶው ሥር ያለው ግን ገና አልተነካም ነበር።

ስለ አምራቾች ከጠየቅከኝ፣ ኑገት ፋይንደርና ኮይልቴክ ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ወንድምህ እዚያው በቀላሉ ያገኛቸዋል። የሁለቱም 14 በ9 ሞኖ ጥሩ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን እመርጣለሁ ብለህ አትጨነቅ። ቀለል ያለውንና ሽቦው በጠፍጣፋ የተጠቀለለውን ብትመርጥ ለትንሽ ወርቅ ይበልጥ ንቁ ነው። የሚገጥመውን ግን በጥንቃቄ ይጠይቅ። የሚንላብ የኤስዲ፣ የጂፒና እስከ 5000 ድረስ ያሉት የጂፒኤክስ ማሽኖች ባለ አምስት እግሩን አንድ ዓይነት መሰኪያ ይጋራሉ፤ የጂፒኤክስ 6000 እና የጂፒዜድ 7000 ኮይሎች ግን ለአንተ ማሽን አይሆኑም። ሳጥኑ ላይ የማሽንህ ስም ተጽፎ ማየት አለበት።

ከገበያ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ በግማሽ ዋጋ የሚቀርብልህን አትግዛ። የሚንላብ ማሽኖች በአፍሪካ ገበያ በብዛት ተመስለው እንደተሸጡ በይፋ የታወቀ ነው፤ የድርጅቱ ባለቤት ኮዳን በዚህ ምክንያት ብዙ ገበያ አጥቷል። የኮይሉም አስመሳይ አለ። የማውቀው መፈተኛ ቀላል ነው፦ ኮይሉን መሬት ላይ አስቀምጠህ ገመዱን በእጅህ አወዛውዝ፣ ሽፋኑን በጣትህ ቀስ ብለህ ምታ። ጥሩ ኮይል ዝም ይላል ወይም እምብዛም አይሰማም። የሚያጓራ ከሆነ መልስ። ከዚያ ትንሽ የእርሳስ ብረት ቁራጭ ወይም የራስህን ፍሬ በእንጨት ጫፍ ላይ ለጥፈህ በኮይሉ ስር ከዳር እስከ ዳር አሳልፍ፤ ሞኖ ከሆነ ዳሩ ላይ ይጎላል። የጥልቀት ፈተና በመሬት ላይ ስታደርግ ከላይ ቆፍረህ አትቅበር፤ የተነቀነቀ አፈር ያሳስታል። ከጉድጓድ ጎን ቦርቡረህ አስገባው።

ወርቅ ፍለጋ ወደ ሌላ አካባቢ ለምትሄዱ ሁሉ፣ በተለይ ጦርነት ወደ ነበረባቸው ወደ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ለምታስቡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቀለህ የበዛበት ቦታ ላይ ጠንካራና ሰፊ ምልክት ካገኛችሁ በዶማ አትምቱ። ያልፈነዳ ተተኳሽ ከትልቅ ወርቅ ጋር የሚመሳሰል ድምፅ ይሰጣል። የብረት መለያውም ሁልጊዜ አይታመንም። ከሥፍራው ርቃችሁ ለሚመለከተው አካል ተናገሩ። አንድም ግራም የሰው እግር አያክልም።

ስትሠራ የኮይሉን ገመድ በዘንጉ ላይ አጥብቀህ ጠቅልለው፤ የላላ ገመድ የሐሰት ምልክት ይፈጥራል። የመሰኪያውን ቀለበት እስከ መጨረሻው አጥብቀው። የታችኛውን ሽፋን በየሳምንቱ አውልቀህ እጠበው፤ ጥቁር አሸዋና የብረት አቧራ ውስጡ ሲጠራቀም ማሽኑ ያለ ምክንያት ያጉረመርማል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ኮይሉን ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል።

17 በ13ቱን እንደ ሁለተኛ ኮይል አስበው፤ በ14 በ9ኙ ከጥልቅ ቦታ ሁለት ግራምና ከዚያ በላይ ፍሬ ማግኘት ከጀመርክ በዚያው ቦታ ላይ በ17 በ13 ተመልሰህ መሄድ ያዋጣል። 25 ኢንቹ ሰፊ፣ ገላጣና ጸጥ ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ አንተ ጋ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። ወንድምህን ደግሞ ከኮይሉ ጋር ተጨማሪ የታችኛ ዘንግ አብሮ እንዲገዛልህ ንገረው፤ በየቀኑ ብሎን እየፈታህ ኮይል ከመቀያየር ያሳርፍሃል። ከመነሳቱ በፊትም የጉምሩክን መስፈርት ይጠይቅ፤ ደረሰኙንም ከእጅ ሻንጣው አይለየው።