ላንግስተን ሂዩዝን ጠቅሰሽ ለጻፍሽልኝ ጥያቄ

ውድ እህቴ፣ የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ መሆንሽን፣ ግጥም እንደምትጽፊና የጀመርሽው ልብ ወለድ ከግማሽ ማለፉን፣ አባትሽ ግን ጽሑፍን እንደ ጊዜ ማባከን እንደሚቆጥሩት ገልጸሽ፣ «ላንግስተን ሂዩዝም ዩኒቨርሲቲ ጥሎ ወጥቶ ነው ደራሲ የሆነው፤ እኔስ ባቋርጥ?» ስትዪ ጠይቀሽኛል። የአሜሪካዊው ገጣሚና ልብ ወለድ ጸሐፊ ሕይወት ከአንቺ ጉዳይ ጋር በእጅጉ ስለሚገናኝ፣ ከእሱ ሳልርቅ ልመልስልሽ።

የሂዩዝም አባት ልጃቸው ምህንድስና እንዲማር ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1921 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዓመቱ ለቀቀ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነሽ። ያልጠቀስሽው፣ በ1926 ፔንሲልቬንያ በሚገኘው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተመዝግቦ በ1929 መመረቁን ነው፤ በ1930 የታተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱንም የጻፈው በአብዛኛው እዚያ ተማሪ ሳለ ነው።

በመካከሉ በመርከብ ሠራተኛነት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጉዟል፣ ፓሪስ ውስጥ ሳህን አጥቧል። ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትይው የምፈልገው ግን በ1925 ዋሽንግተን ላይ ያደረገውን ነው። የታሪክ ምሁሩ ካርተር ዉድሰን ዘንድ የተከበረ የቢሮ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ሥራው ለመጻፊያ የሚሆን ጊዜና ጉልበት ስላላስተረፈለት ግን ትቶት፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል የተበላበትን ሳህን ከጠረጴዛ የሚያነሳ የአስተናጋጅ ረዳት ሆነ። ታዋቂው ገጣሚ ቬቸል ሊንዚ ለእራት በተቀመጠበት ምሽት፣ ሂዩዝ ሦስት ግጥሞቹን ከሳህኑ አጠገብ አኑሮለት ፈጥኖ ዘወር አለ፤ ሊንዚም ግጥሞቹን ለታዳሚዎቹ አነበበላቸው፣ በማግስቱም ጋዜጠኞች ሂዩዝን ፍለጋ መጡ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች እንደ ድንገተኛ ዕድል ይተርኩታል፤ እኔ አልስማማም። በዚያ ምሽት ሂዩዝ ግጥሞቹን በመጽሔት ማሳተም ከጀመረ አራት ዓመት አልፎት ነበር፤ በዚያው ዓመት የግጥም ውድድር አሸንፏል፣ የመጀመሪያ መጽሐፉንም አሳታሚ ተቀብሎለታል።

የበኋላው ኑሮም ቀላል አልነበረም። በየወሩ ገንዘብ ይሰጡት የነበሩት ባለጸጋ ሴት ምን መጻፍ እንዳለበትም መወሰን ይፈልጉ ስለነበር፣ ግንኙነታቸው በ1930 ሲቋረጥ በጽኑ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ በግጥም ብቻ ሳይሆን በተውኔት፣ በጋዜጣ ዓምድና በንባብ ጉዞ ኖሯል (ጣልያን አገራችንን በወረረች ጊዜም ስለ ኢትዮጵያ ግጥም ጽፏል)፤ በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም ሰፈር ውስጥ ቤት ለመግዛት የበቃውም ከአርባ ዓመቱ በኋላ፣ ለብሮድዌይ የቴአትር መድረክ የዘፈን ግጥም ጽፎ ባገኘው ገቢ ነው።

ስለዚህ የቀረሽን ሁለት ዓመት ጨርሺ እልሻለሁ። ስትመረቂ የሚቀርብልሽን ሥራ በደመወዙ ብቻ አትመዝኚው፤ ማታ ቤትሽ ስትገቢ ለመጻፍ የሚሆን ጉልበት ይተርፍሽ እንደሆነ ቀድሞ እዚያ የሠራ ሰው ጠይቂ። ከከተማ ርቆ ያለ የግንባታ ሳይትና የዲዛይን ቢሮ በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። ለአባትሽም «ምህንድስናውን አልተውኩም» ብለሽ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ፤ እውነትም ነው። ልብ ወለዱ እስኪያልቅ ግን ግጥሞችሽን በመሳቢያ አታስቀምጫቸው። በዚህ ወር ሦስቱን መርጠሽ ለአንድ መጽሔት ላኪ፤ የትኞቹን እንደመረጥሽና ለምን እንደመረጥሻቸውም ጻፊልኝ።